የእናቴ አረንጓዴ ማሳ

የልጅ ልጄ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል። ተራራውም እርሻውም አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ሆኖ ተቆራርጧል። «ሠዓሊው እንዲህ መሣልን ውጭ አገር ነው የተማረው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ወስዷል» አለችኝ። የውጭ አገሩን አላውቅም። የቤተ ክርስቲያኑን ግን አውቃለሁ።

በጃንሆይ ዘመን፣ ልጅ ሳለሁ፣ አገሬ እስቴ ላይ የደብራችንን ግድግዳ የሚሥሉ አለቃ መጡ። ከእመቤታችን ስደት ሥዕል በስተኋላ የኛኑ አገር ማሳ ሣሉ። ከሰል የተቀባ ክር ወጥረው ያሰምሩና ገብሱን ቢጫ፣ የታረሰውን ቀይ ይቀቡታል። የቀለሙ ሙጫ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ያኔ የሟች አባቴ ወንድም በየዓመቱ ድንበር እየገፋ የእናቴን የባቄላ ማሳ ያርስባት ነበር። ሽማግሌው ሁሉ «ተዪው፣ የልጅሽ አጎት ነው» ይላታል። በሥዕል ክፉ ሰው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣል አውቅ ነበርና ከመሰላሉ ሥር ቆሜ፣ «አለቃ፣ የእናቴን ማሳ ሙሉውን ይሣሉልኝ። አጎቴን ደግሞ በአንድ ዓይን!» አልኳቸው።

አለቃ ሳቁ። «አንቺ ቁጡ! ሠዓሊ ነኝ ወይስ ዳኛ?» ግን ከሁለት ቢጫ መካከል ሰፊ አረንጓዴ ሞሉና፣ «በይ፣ እዚህ ላይ ሞፈር አይገባም» አሉኝ።

እናቴ ቅዳሴ በሄደች ቁጥር ያንን አረንጓዴ ስታይ ትቆያለች። አጎቴም በወንዶች በኩል ቆሞ ያየዋል፤ ክረምት ሲመጣ ግን አንድ ትልም ይጨምራል።

መነጽሬን አድርጌ ወደ ሥዕሉ ተጠጋሁ። ከቢጫው መካከል በጣቴ ስፈልግ የልጅ ልጄ፣ «እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችኝ።

«ማሳችን» አልኳት።