የይግዛው ሹመትና ሁለቱ ድግሶች

ይግዛው በአባቱ ተዝካር ብቸናን ከነውሾቿ አጥግቦ ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ። አበዳሪው የእህል ነጋዴው አቶ ፋንታ ናቸው። በዚያው ሰሞን ሁለት ሥራ መጣለት፤ ብቸና በሃያ አምስት ብር ጸሐፊነት፣ ሞጣ በአርባ ብር የግምጃ ቤት ሹምነት።

«ጋሼ፣ ዕዳዎን ቶሎ እንድጨርስ ሞጣን ልምረጥ?»

«ምረጥ እንጂ ልጄ! ዋስም እሆንሃለሁ። ግን የአርባ ብር ሹም ያለ መሰናበቻ ድግስ ከብቸና ይወጣል? ሞጣስ ሳትደግስ ብትገባ ምን ይልሃል?»

እውነት ነው፤ ካልደገሰ የአባቱ አጥንት ይወጋዋል። ሁለት ጊዜ ደገሰ፤ አቶ ፋንታም ደግ ናቸውና ሁለት ጊዜ አበደሩት።

ዛሬ ይግዛው ከአርባ ብሩ ሠላሳ ዘጠኙን ለአቶ ፋንታ ይልካል። በቀረችው አንድ ብር ኮራ ብሎ፣ ሃያ አምስት ብሩን ማንም የማይነካበትን የብቸናውን ጸሐፊ «ምስኪን፣ ደሞዙ ትንሽ!» እያለ ያዝንለታል።