የእትዬ ብርሃኔ ጣሪያ

ትናንት ቁሌት ሳቁላላ የጭስ ደወላችን ጮኸ። ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ እያራገብኩ ሳለሁ ባለቤቴ መስኮቱን ከፈተች፣ ጎረቤታችን ደግሞ ግድግዳውን ደበደበ። ዛሬ እዚህ ጀርመን ደወሉን በየመኝታ ክፍሉ መስቀል ግዴታ ስለሆነ የሚከራከር የለም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ግን በዚህች ክብ ፕላስቲክ ስንት ተንከራተትኩ!

ያኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ሽቫንሃይም በተባለ የፍራንክፈርት ሰፈር ከእናቴ ታላቅ እህት፣ ከእትዬ ብርሃኔ ጋር እኖራለሁ። ጀርመንኛዬ ስለሚሻል የሐበሻው ሁሉ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ፤ እምቢ ማለትም አላውቅበትም። በዚያ መኸር የቤተ ክርስቲያናችን እህት ሰላም በኦስትሃፈን ወደብ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘች። ትንሿን ልጇን ሊዲያን የሚይዝላት ከሌለ ግን ሥራው ለሌላ ሊሰጥ ነው።

«እኔ እያለሁ!» አሉ እትዬ ብርሃኔ።

ልጅ ለመያዝ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። የፍራንክፈርቱ የልጆች ጉዳይ ቢሮ ስለ ደረጃውና ስለ መስኮቱ ብቻ ጠይቆ፣ በእኔ በኩል ይበቃል ብሎ አሰናበተን። ሰላም የምትኖርበት የጎረቤት ከተማ ቢሮ ደግሞ ልጅቷ የምትተኛበት ክፍል የጭስ ደወል ከሌለው አልፈቅድም አለ። እርጥብ ቅጠል እየረገጥኩ፣ ከትራም አውቶቡስ እየቀየርኩ ተመላለስኩ።

«ፍራንክፈርት እኮ አይጠይቅም» አልኳት የዚያኛዋን ከተማ ሠራተኛ።

«ልጅቷ የእኛ ናት።»

«ጣሪያው ግን የፍራንክፈርት ነው።»

አልሳቀችም። ቤት ስመለስ ለእትዬ ብርሃኔ ነገርኳቸው።

«ሁለት ፌርማታ አልፎ እሳቱ ይለያል እንዴ?» አሉኝ፣ ሕጉን እኔ ያወጣሁት ይመስል።

ደወሉን ገዝቼ ሰቀልኩ። ሠራተኛዋ ልታይ የምትመጣ ዕለት ከትምህርት ስመለስ ቤቱ በሽንኩርት ጭስ ታፍኗል። እትዬ ብርሃኔ እንግዳ ይመጣል ብለው ዶሮ እየሠሩ ነው! ደወሉ እንዳይረብሻቸውም የሻወር ቆብ አልብሰውታል።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ! ይህን ካየች ፈቃዱ ቀረ!»

«ታዲያ እንግዳ ባዶ አፏን ትሂድ?»

ወንበር ሳልስብ ሠራተኛዋ ደረሰች። ሰላም ሊዲያን ይዛ ከኋላዋ ገባች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ሠራተኛዋ ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች፣ ወንበር ላይ ወጥታ ቆቡን አወለቀች። ደወሉ አምባረቀ። ሊዲያ ጆሮዋን ይዛ በጀርመንኛ ጮኸች፦ «እሳት አይደለም፣ ሽንኩርት ነው!»

ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ይሠራል» አለች። «ቆቡን ግን ዳግም እንዳላይ።» ሰላም ግድግዳውን ተደግፋ «ተመስገን» አለች። ሠራተኛዋ «ሥራ ላይ ስለሆንኩ አልበላም» ብላ ወጣች።

«ለደወሉ ወንበር ላይ ወጣች፣ ለዶሮዬ ግን መቀመጥ አቃታት!» አሉ እትዬ ብርሃኔ ተቀይመው።

ብዙም ሳይቆይ ሰላም ፍራንክፈርት ውስጥ ቤት አገኘች። ጉዳያችን ወደ ፍራንክፈርቱ ቢሮ ተዛወረ፤ የመጣው ሰውዬ ጣሪያውን ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ያ ሁሉ ልፋት! ተናድጄ ደወሉን ላወርድ ወንበር ላይ ወጣሁ።

«ተወው» አሉ እትዬ ብርሃኔ። «ቢሮው ቢለወጥ ልጅቷ መተኛት ትታለች?»

ትናንትም ባለቤቴ «ባትሪውን አውጣውና እንገላገል» ስትለኝ እጄ ወደ ደወሉ ተዘርግቶ ነበር። ያኔ የልጅ ልጃችን ዓይኗን እያሻሸች ከመኝታ ክፍል ወጣች።

«ኦፓ፣ እሳት ነው?» አለችኝ፤ አያቷን የምትጠራው በጀርመንኛ ነው።

«አይደለም የኔ ልጅ፣ ሽንኩርት ነው» አልኳት። ባትሪውን ተውኩት፤ ማራገቤን ቀጠልኩ።