የተቀበረው መኖ

ባሌ ከሞተ ወዲህ መሬቴን በእኩል የሚያርሰው ታናሽ ወንድሙ ነበር። እኩልነቱ ግን በአፍ ብቻ ነው፤ ደህና ደህናው እህል ወደ እሱ ጎተራ ይገባል። ሽማግሌ ፊት መሬቴን ብጠይቀው፣ «ያለ ጥማድ በሬ ምን ያደርጉበታል?» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳይፈርዱልኝ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። እነማን እንደነበሩ አልረሳሁም።

ያለኝ አንድ የከሳ በሬ ነው። አደልቤ ለፋሲካ ቡሬ ገበያ ብሸጠው ሁለት ወይፈን ይገዛልኛል፤ ጥማድ አገኘሁ ማለት ነው። ጭድ ብቻውን ግን በሬ አያደልብም፤ የሚገዛው የኑግ ፋጉሎ ደግሞ ከአቅሜ በላይ ነው። የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ እንደ አደንጓሬ የሚሳብ፣ ላብላብ የሚባል የመኖ ዘር ሰጠችኝና በጓሮዬ በቆሎ መሐል ዘራሁት። «ሲያብብ ይጨዱት፤ ከበቆሎው አገዳ ጋር ከትፈው ይቅበሩት። ሳይሌጅ ይባላል» አለችኝ።

እኛ አገር ፍሬ ሳይዝ ማጨድ ግፍ ነው። አጨድኩት። ጉድጓድ ውስጥ ጨምሬ አየር እስኪያጣ ረገጥኩት፤ ላስቲክና አፈር አለበስኩት። የባሌ ወንድም አጥር ላይ ተደግፎ፣ «እታለም፣ ተዝካሩ መቼ ነው?» አለኝ።

«ስትጠራ ትመጣለህ።»

እኔን ግን የከነከነኝ ሌላ ነው። ጠላ ስጠነስስ ጋኑ ላይ ጆሮዬን ጥዬ መፍላቱን አዳምጣለሁ፤ ይኸኛው ድምፅ የለውም። እርጥብ ቅጠል አፈር ስር ሆኖ እንዴት አይበሰብስም? ብከፍተው ይበላሻል፤ አፈሩን በመዳፌ ዳብሼ እመለሳለሁ።

የካቲት ላይ ከፈትኩት። አረንጓዴው ወደ ቢጫ ገርጥቷል፤ ሽታው እንደ ጥንስስ ቆምጠጥ ይላል። አልበሰበሰም! በሬው አሸተተ፣ አስነጠሰ፣ ፊቱን አዞረ።

«የተቀበረ ማን ይበላል?» ብሎ ሳቀ፣ ያው የባሌ ወንድም።

በማግስቱ የጠላ አተላ አርከፈከፍኩበት። በሬው አተላውን ሲልስ ቅጠሉም አብሮ ገባለት። ቀስ በቀስ አተላውን ቀነስኩ። ከጭዱ ላይ ያንን እየጨመርኩ ስሰጠው ጎድኑ ተሸፈነ፤ ሻኛው ወደ ጎን ተጋደመ። ለፋሲካ ነድቼው ቡሬ ሄድኩ፤ ሁለት ወይፈን ይዤ ተመለስኩ።

እርሻ ሲደርስ የባሌ ወንድም እንደ ልማዱ በሬዎቹን እየነዳ መጣ። አንድ ጎረቤቴ በእኔ ወይፈኖች ሲያርስ አገኘው። ገና አልተገሩም፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይጎትታል።

«እታለም፣ ትልሙ ጠመመ እኮ!» አለኝ የባሌ ወንድም።

«ይጥመም» አልኩት። «እህሉ ቀጥ ብሎ ይበቅላል።»