ላሚኔት ያስደረግኩት ማዘዣ

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ የልጄ ሠርግ ሁለት ወር ሲቀረው።  ያን ቀን አንደበቴ አልከዳኝም።

ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ሐኪሙ ያዘዘላት መድኃኒት ስለተስማማት፣ ማዘዣው እንዳይቀደድ ብዬ ላሚኔት አስደረግኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያው ወረቀት ገዛን። የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ወረቀቱን ያያል፣ ይሸጥልናል፤ ሌላ ጥያቄ የለም።

ፒያሳ ሲፈርስ መድኃኒት ቤቱም ተነሣ። ወደ ሌላ ገባሁ። ዘሃራ የምትባል ወጣት ፋርማሲስት ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«እናቴ፣ ይሄ ማዘዣ ነው መታወቂያ?» ብላ ሳቀች። «ልጅዎ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሃያ አራት። በጥር እድራታለሁ።»

ሳቋን ተወችው። መድኃኒቱ በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ጽንሱን ክፉኛ ሊጎዳ እንደሚችል ነገረችኝ። ለሐኪሞች የወጣውን አዲስ ማሳሰቢያ አትማ ሰጠችኝ።

«በድንገት ግን እንዳታቋርጥ፤ በሽታው ይነሣባታል» ብላ የሳምንቱን ብቻ ሸጠችልኝ።

ከዚያው ወደ ሐኪሙ ክሊኒክ ቸርችልን ቁልቁል ወረድኩ። ሐኪሙ ማሳሰቢያውን ሳያነብ ወደ እኔ ገፋው።

«ስድስት ዓመት የጠቀማት ዛሬ ይጎዳታል? ከመቼ ወዲህ ነው መድኃኒት ሻጭ እኔን የሚያስተምረኝ?»

«እስኪያነቡት አልወጣም፣ ዶክተር።»

«ተረኛ እየጠበቀ ነው፣ እማማ።»

«ይግባ። እኔ እዚህ ግድግዳው ጋ እቆማለሁ።»

እውነትም ተረኛውን ጠራው። አንድ ጎልማሳ ሆዱን ይዞ ገባ። እኔን አየ፣ ሐኪሙን አየ።

«ዶክተር፣ ለእማማ ያንብቡላቸው እንጂ። እኔ እሳቸው ፊት ሸሚዜን አላወልቅም።»

ሐኪሙ መነጽሩን አደረገ። አንብቦ ሲጨርስ ድምፁ ዝቅ አለ። «ልጅቷን ይዘዋት ይምጡ» አለኝና ለነርቭ ሐኪም ደብዳቤ ጻፈልኝ። መድኃኒቷ በክትትል፣ ቀስ በቀስ ተቀየረ።

ይህን የምጽፈው የልጅ ልጄን ታቅፌ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። ዘመዶቼ «ሐኪም ተጋፋሽ» ይሉኛል። አዎ፣ ተጋፋሁ። ነገም ቢሆን እዚያው ግድግዳ ጋ እቆማለሁ። ሳልጠይቅ ለኖርኩበት ስድስት ዓመት ግን ራሴንም አልምርም።

ሐኪሙ ዘንድ በሄድኩ ማግስት፣ ጠዋት፣ ላሚኔቱን በመቀስ ቆራረጥኩት። ከዚያ ጊዮርጊስ ሄጄ ሁለት ሻማ አበራሁ፤ አንዱን ለልጄ፣ አንዱን ለዘሃራ።