ግርማ ያልነካው ካርድ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለእናቴ አልነገርኩም። ሰግጄ ስጨርስ እጄን ዘርግቼ ብዙ ነገር እለምናለሁ፤ ይህን ግን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። «የማውቀውንም የማላውቀውንም ማረኝ» እያልኩ አልፈዋለሁ። የማላውቀው ይመስል። አሁን ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። የሚያውቀኝ ሰው ፊቱ ሲለዋወጥ ለማየት አቅም የለኝም።

ራህመት እባላለሁ። መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ካሉት ሕንፃዎች ባንዱ የኮምፒውተር ዕቃ እሸጥ ነበር። ሱቁ የአባቴ ነው። አባቴ ስንት ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ሲሸጥበት ኖሮ ሲደክመው ለኔ ተወልኝ፤ እኔ ደግሞ ጥገና ተምሬ ስለነበር ወደ ኮምፒውተር ቀየርኩት። በፎቁ ላይ ሴት ሻጭ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰዎች «እሷ ጋ ሂድ፣ የሐጂ ልጅ ናት፣ አታጭበረብርም» እየተባባሉ ይመጡ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለመመጻደቅ አይደለም። ያደረግኩትን ያደረግኩት በዚህ አመኔታ ላይ ቆሜ መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው።

ጊዜው የብር ዋጋ የወረደበት፣ ዶላር እንደ መድኃኒት የሚፈለግበት ሰሞን ነበር። ግራፊክስ ካርድ የሚባል ዕቃ አለ። ኮምፒውተር ውስጥ ተገጥሞ ምስሉን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው፤ ከባድ ጌም ያለሱ አይከፈትም። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች በኮምፒውተር ዲጂታል ገንዘብ እናመርታለን ብለው ካርዱን በጅምላ እየገዙ ጨረሱት ተባለ። ስምንት ሺህ ብር የሸጥኩት ካርድ በወሩ አሥራ ሁለት ሺህ ገባ፣ ከዚያ አሥራ ስድስት። ዋጋ ስጠራ ድምፄ ዝቅ ይል ነበር፤ ሰው የሚሰድበኝ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልሰደበኝም። «አለሽ አይደል? አስቀምጪልኝ ብቻ» ይሉኛል። መጀመሪያ የደነገጥኩት ያኔ ነው። መርካቶ ተወልጄ አድጌ፣ ሳይከራከር የሚገዛ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ሰው ለጨዋታ ይህን ያህል ይከፍላል? እያልኩ እገረም ነበር። እኔስ ለገንዘብ ምን ያህል እንደምከፍል መች አወቅኩ።

ታምራት የመጣው በዚህ መሀል ነው። የዳቦ ቤት መኪና ሹፌር ነው። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ የጃኬቱ እጅጌ ሁልጊዜ ዱቄት አያጣውም። አውቶቡስ ተራ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ከታላቅ ወንድሙ ከግርማ ጋር ይኖር ነበር። ግርማ እዚያው ሰፈር ዕቃ በመጫንና በማውረድ የሚያድር ሰው ነው። ወላጆች የሏቸውም፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ታምራት የሚወደው የመኪና ውድድር ጌም ነው። ካርዱን ለምን እንደዚህ እንደፈለገው አንዴ ስጠይቀው፣ «ራህመት፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ዳቦ ጭኜ መንገድ ላይ ስንፏቀቅ ነው የምውለው። ማታ እንኳ ሦስት መቶ ልንዳ እንጂ» አለኝ። ሳቅኩ። ደስ የሚል ሰው ነበር። ሰው ደስ የሚለውን ሰው ያታልላል? ያታልላል። እኔ አድርጌዋለሁ።

ሦስት ጊዜ መጥቶ ተመልሷል። በመጣ ቁጥር ያጠራቀመው ሊበቃ ሲል ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀዋል። «ምንም አይደል፣ እደርስበታለሁ» ብሎ ደረጃውን ይወርዳል።

በዚያው ሰሞን ከዱባይ ዕቃ ከሚያመጣ ሰው ስድስት ካርድ ገዛሁ። እንደ ልማዴ አንድ በአንድ እየሰካሁ ሞከርኳቸው። አምስቱ ጥሩ ነበሩ። ስድስተኛው ኮምፒውተሩ ላይ የአዲሱን ካርድ ስም ይጽፋል፤ ጌም ስከፍትበት ግን ምስሉ ቀጥ ብሎ ቀረ። ማራገቢያውን ፈትቼ ውስጡን አየሁ። ያረጀ ቺፕ ነው። ስሙን በሶፍትዌር ለውጠውለታል፤ በአሮጌ መኪና ላይ የአዲስ ሞዴል ስም እንደ መለጠፍ ነው። ሻጩ ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ተታለልኩ። በጣም ተናደድኩ፣ «እንዴት ሰው እንዲህ ያደርጋል?» እያልኩ ለጎረቤት ሱቆች ሁሉ አወራሁ። ለሁሉም አወራሁ እንጂ ካርዱን አልጣልኩትም። ገጥሜ፣ ብሎኑን አጥብቄ፣ ወደ ካርቶኑ መለስኩት። ለምን መለስኩት? የሚጣል ዕቃ ማን በካርቶን ያሽገዋል?

አምስቱ በአራት ቀን አለቁ። በአምስተኛው ቀን ታምራት መጣ።

«አለ?»

«አለ» አልኩት። ምላሴ አልተደናቀፈም። «ግን ሃያ ሁለት ሺህ ገብቷል።»

ይተወዋል ብዬ ነው እንደዚያ የጠራሁት ልላችሁ ነበር። ውሸት ነው። እንዲገዛው ፈልጌ ነበር።

«አለኝ» አለ።

«ከየት አመጣህ?»

«አልጋዬን ከነፍራሹ ሸጥኩት። ፍሪጁንም ሸጥኩት። ወለል ላይ መተኛት ለወገብ ጥሩ ነው ይባላል።»

ክው አልኩ። «ግርማ ምን አለህ?» አልኩት።

«ሳቀብኝ። በኔ ፍራሽ ለሁለት እንተኛለን አለ።»

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የምመለስበት እዚያች ደቂቃ ላይ ነው። «ተወው፣ ይህኛው ጥሩ አይደለም፣ ሳምንት ይመጣል» ማለት ምን ይከብድ ነበር? አላልኩም። ካርዱን ሰክቼ ስሙን ስክሪኑ ላይ አሳየሁት። ስሙን አንብቦ እንደ ልጅ ተደሰተ። ጌም ከፍቼ አላሳየሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። የሐጂን ልጅ ማን ይጠይቃል?

በሳምንቱ ተመለሰ። ካርዱን በፎጣ ጠቅልሎ ይዞታል። ይጮህብኛል፣ ሰው ይሰበስብብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ድምፁን ቀነሰ።

«ራህመት፣ ቅር እንዳይልሽ። አንቺን አይደለም የምጠረጥረው። በገዛሁት ቀን ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሁለት ቀን ሳልገጥመው ቤት ውስጥ ተቀመጠ። ስገጥመው እንቢ አለ። ጓደኛዬ ፈትቶ ሲያየው ውስጡ አሮጌ ነው አለኝ። አንቺ ጋ ደግሞ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ።» ፎጣውን ፈታ። «እኔ ሥራ ስውል ቤት የነበረው ግርማ ብቻ ነው። ድሮ ስልክ ሰርቆ ታስሮ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ግን ምንም... እስቲ እዪልኝ፤ ሰው ቀይሮት ይሆን? የሰጠሽኝ ይሄ ነው?»

ካርዱን ተቀበልኩ። አገላበጥኩት። ብሎኑ ላይ የገዛ መፍቻዬ የጫረው ነጭ ምልክት አለ። ታምራት እጄን ሳይሆን ፊቴን ነበር የሚያየው። አሁን ሳስበው ወንድምህ አይደለም እንድለው ይለምነኝ ነበር። «አዎ፣ የሰጠሁህ ይሄው ነው» ብለው ወንድሙን ያገኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ስሜን አጣ ነበር።

«የኔ ዕቃ አይደለም» አልኩት።

እንዲህ ነው ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ካርድ ማጭበርበር አንድ ነገር ነው፤ መርካቶ ውስጥ ተጭበርብሮ የማያውቅ የለም ብዬ ራሴን አጽናና ይሆናል። ወንድምን ከወንድም መለየትስ? ያንን በየትኛው ማጽናኛ አልፈዋለሁ? ታምራት ካርዱን መልሶ በፎጣው ጠቀለለ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «አመሰግናለሁ» ብሎኝ ወጣ። አመሰገነኝ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ቀጠን ያለ፣ ሽበት የጀማመረው ሰው ወደ ሱቁ መጣ። በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ሳይነግረኝ ግርማ መሆኑን አወቅኩ፤ ዓይናቸው አንድ ነው።

«እህቴ፣ ልጨቀጭቅሽ አይደለም የመጣሁት» አለኝ። «ያንን ካርድ እንደገና አይተሽ እንድትነግሪው ልለምንሽ ነው። ሰው ይሳሳታል።»

«በደንብ አይቼዋለሁ» አልኩ።

«እኔ ድሮ ሰርቄ አውቃለሁ። የሰረቅኩትን አልክድም፤ ታስሬበታለሁ። ይሄን ግን አልነካሁትም። የት እንደሚገጠም እንኳ አላውቅም። ለኔ ብለሽ አይደለም፣ እሱ ሌላ ሰው የለውም።»

ሌባ የተባለው ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ሰርቄ አውቃለሁ ይለኛል። እኔ፣ አታጭበረብርም የምባለው፣ ካልኩሌተር እየነካካሁ ዓይኑን እሸሻለሁ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሁለተኛ ዕድል ተሰጠኝ፣ ያውም በሩ ድረስ መጥቶ።

«ወንድሜ፣ የኔ ዕቃ አይደለም አልኩህ እኮ። ምን ላድርግህ?»

«እሺ። እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ኮፍያውን አደረገ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ እኔም እቆጣ ነበር፣ ቁጣውም ትንሽ ያግዘኝ ነበር። ደረጃውን ሲወርድ የእግሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጥኩ። የተናገርኩትን ያህል የገረመኝ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ምሳዬን መብላቴ ነው። በላሁ። ደንበኛ መጣ፣ አስተናገድኩ። እንደዚህ ያለ ሰው መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ግርማ በዚያው ሳምንት ቤቱን ለቀቀ። ልብሱን ብቻ ይዞ ወጣ፤ ፍራሹን ለታምራት ተወለት። ይህን የነገረኝ ራሱ ታምራት ነው።

ከወራት በኋላ ያ ሁሉ ግርግር በነነ። የዲጂታል ገንዘቡ ወሬ ቀዘቀዘ፣ ካርዱ እንደገና እንደ ልብ መገኘት ጀመረ፣ ዋጋው ወደ ግማሽ ወረደ። አልጋና ፍሪጅ የተሸጠለት ዕቃ መደርደሪያዬ ላይ አቧራ ይጠጣ ጀመር። አንዱን ጥሩውን መርጬ፣ ጌም ከፍቼ ሞክሬ፣ ታምራትን ጠራሁትና «ለደንበኛ ስጦታ ነው» ብዬ ሰጠሁት። ልነግረው ነበር የጠራሁት። ምላሴ ላይ ነበር። እሱ ግን ካርዱን ይዞ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«የእናቴ ልጅ የሰረቀኝን አንቺ ካስሽኝ» አለኝና መረቀኝ።

ምርቃቱን ቆሜ ተቀበልኩ። አሜን አልኩ። ካሳ መስሎኝ የሰጠሁት ዕቃ ግርማን ጭራሽ ሌባ አደረገው።

ግርማን አንድ ጊዜ ብቻ አየሁት። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ መንገዱ ተጨናንቆ ታክሲያችን ቆሞ ነበር፤ እኔ መስኮት ጋ ተቀምጫለሁ። ትከሻው ላይ ትልቅ የጨርቅ ጥቅል ተሸክሞ በመኪኖቹ መሀል ሲያልፍ አየኝና ቆመ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ሳስብ ፈገግ አለ።

«ሰላም ነሽ እህቴ? ያ ካርድ ተገኘ?»

«አልተገኘም» አልኩ።

«ታምራትስ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ስታገኚው...» አለና ታክሲው ተንቀሳቀሰ። የቀረውን አልሰማሁትም። «ወራጅ አለ» ብል ረዳቱ ያስቆምልኝ ነበር። አላልኩም። ጥቅሉን ወደ ሌላው ትከሻው ሲያዞር በኋለኛው መስታወት አየሁት፤ ከዚያ ሰው ሸፈነው። ለታምራት ሊልክ የፈለገው መልእክት ምን እንደነበር አላውቅም። እሱንም እኔ ነኝ ያስቀረሁበት።

ሱቁን ከተውኩት ቆይቻለሁ። ግርማ የት እንዳለ አላውቅም። የታምራት ቁጥር ግን ስልኬ ውስጥ አለ። በየዓመቱ ለዒድ «እንኳን አደረሰሽ እህቴ» ብሎ ይልክልኛል። እኔም ለፋሲካ እልክለታለሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም ስላችሁ የሚሰማኝ ሰው አጥቼ እንዳይመስላችሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ኑሮ ነው፣ ገበያው ነው፣ እኔም ተታልዬ ነበር አልልም። ያ ከዱባይ የመጣው ሰው የወሰደብኝ ገንዘብ ነው። እኔ የወሰድኩት ወንድም ነው። ግርማ ካርዱን አልነካውም። እዚህ ስጽፈው ስንት ቃል ሆነ? ሦስት። ሦስቱን ቃል ለታምራት ልነግረው ዛሬም ስልኩን አንስቼ ነበር፤ ሲጠራ ዘጋሁት። መልሶ እየደወለ ነው። አላነሳሁም።