የሻረግ መስታወት ያሰቀለች ዕለት

የሻረግን የላሊበላ ሰው ሁሉ የሚያውቃት በአንድ ነገር ነው፤ መዋሸት አትችልም። ሆቴሉ ውስጥ አንሶላ ጠፋ ሲባል እንኳ የሚቀላው የሰረቀው ሰው ፊት ሳይሆን የእሷ ነው። በመንግሥት ሆቴል የክፍሎች ኃላፊ የሆነችውም በዚሁ ነው እንጂ ፊደል ቆጥራ አይደለም። እንግዲህ በ1971 ዓ.ም. አንድ ማለዳ አባ ወልደ ሩፋኤል ከሆቴሉ አጥር ጥግ ጠርተው ዋሺ ያሏት ይህችን ሴት ነው።

«ሙሉሃብት አርፏል» አሏት።

ሙሉሃብት የሆቴሉ ጥገና ሠራተኛ የጋሼ ከፋለና የሚስታቸው የእትዬ አመተ ሥላሴ አንድ ልጅ ነው። ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከዘመተ ዓመት አልፎታል። ወሬውን ያመጣው አብሮት ዘምቶ፣ ቆስሎ የተመለሰ የሰፈር ልጅ ነው። የሻረግ ክው አለች። እዚሁ ሆቴል የእንግዳ ሻንጣ ሲሸከም፣ በጭቃ እግርህ ገባህ ብላ ስንቴ ተቆጥታዋለች! አጥሩን ያዘች።

«አልቅሰሽ እንዳታስነቂ» አሉ አባ። «መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው። የከፋለ ወንድም ከኩልመስክ እስኪደርስ፣ እሱን እስከ ማታ እዚሁ ያዥልን። ገበያ ከወጣ የአንዱ አፍ ማምለጡ አይቀርም።»

«እኔ? አባታችን፣ እኔ እኮ አልችልበትም።»

«ስለማትችይበት እኮ ነው! አንቺን አይጠረጥርም።»

እውነታቸውን ነው። ሰው የልጁን ሞት ብቻውን ቆሞ፣ መዶሻ እንደያዘ አይሰማም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚረዳው። ጋሼ ከፋለ ይህ ክብር እንዳይቀርባቸው የሻረግ ቀኑን ሙሉ መዋሸት አለባት።

በእጇ ያለው ሥራ ደግሞ አንድ መስታወት ብቻ ነው። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ከደሴ የተላከ ትልቅ መስታወት፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ ይሰቀላል። ጋሼ ከፋለ ይህን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይጨርሱታል። ምን አድርጋ እስከ ማታ ታቆያቸው?

ጋሼ ከፋለ መስታወቱን በራሳቸው ዓይን ልክ አስጠግተው ያዙት። «እዚህ ይሁን?»

«ለእርስዎ ነው እንዴ? ፈረንጅ ረጅም ነው።»

ከፍ አደረጉት።

«ኧረ አሁንስ እኔ ግንባሬን ብቻ ነው የማየው! የምወለውለው እኔ አይደለሁ?»

ዝቅ አደረጉት። «የሻረግ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ?» አለች። ፊቷ ሲቀላ ለራሷም ታወቃት። ደግነቱ መታጠቢያ ቤቱ ጨለማ ነው፤ መስኮቱ መዳፍ ቢያህል ነው።

ቦታው ሲቆረጥ የመብራቱ ነገር መጣ። የሻረግ አምፖሉ ከመስታወቱ በላይ ይሁን አለች።

«አይሆንም» አሉ ጋሼ ከፋለ። «ከላይ ሲመጣ ዓይንን ጉድጓድ ያደርገዋል። እንግዳው ጠዋት ተነስቶ ሬሳ መስሎ ራሱን ይይ?»

የያዘችው የሽቦ ጥቅልል ከእጇ ወደቀ።

ጋሼ ከፋለ ሳቁባት። «አይዞሽ! ግራና ቀኝ አንዳንድ አምፖል እናደርጋለን፣ በፊት ትክክል። ያኔ ጥላ የሚባል አይኖርም። ሙሉሃብት ሲመጣ ለቤቴም አንድ ትንሽ መስታወት አላጣም፤ ይሄኔ ጺም አብቅሏል።»

 የሻረግ ጎንበስ ብላ ሽቦውን ስትሰበስብ ቆየች። በአንድ አምፖል ፈንታ ሁለት መሆኑ ግን ጠቀማት። ጋሼ ከፋለ ድንጋዩን ግድግዳ በመሮ ሲቦረቡሩ ምሳ አለፈ። ሲጨርሱ መስታወቱ ጠመመ አለች። ውሃ ልክ አስቀምጠው ቀጥ ማለቱን ቢያሳዩዋት፣ የጠመመው ውሃ ልኩ ነው ብላ ድርቅ አለች። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት ዋሽታ አታውቅም።

ሊመሽ ሲል ጄነሬተሩ ተነሳ። ጋሼ ከፋለ ማብሪያውን ተጫኑ፤ ሁለቱ አምፖሎች ቦግ አሉ።

«ይኸው!» አሉ ፈገግ ብለው።

የሻረግ ከኋላቸው በሩ አጠገብ ቆማለች። ጀርባቸውን ስለሰጧት፣ ቀኑን ሙሉ አስራ የያዘችውን ፊት ለቀቀችው፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ዓመት መስታወት ስትወለውል ኖራ፣ መስታወት ፊት የቆመ ሰው ከኋላው ያለውን እንደሚያይ ዘነጋች።

የጋሼ ከፋለ ፈገግታ ጠፋ። አልዞሩም። እዚያው መስታወቱ ውስጥ ትክ ብለው አዩዋት።

«ሙሉሃብት ነው?»

አፏን ከፈተች፤ ውሸትም እውነትም አልወጣላት አለ። ጋሼ ከፋለ የመታጠቢያውን ጠርዝ ጨበጡ። ይጮሃሉ ብላ ጠበቀች፤ አልጮሁም። ቧንቧውን ከፍተው ፊታቸውን ታጠቡ።

«መርዶው ለነገ ነው?»

«አዎ... ወንድምዎ ከኩልመስክ እየመጡ ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ!»

«አንቺ ምንም አልነገርሽኝም፤ እኔም አልሰማሁም። አመተ ሥላሴ ዛሬን እንኳ ልጅ እንዳላት ትደር» አሉና መብራቱን አጥፍተው፣ መሮና መዶሻቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የሻረግ ደንዝዛ ጨለማው ውስጥ ቀረች። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በሆዱ ይዞ ራት ይበላል?

ጎህ ሲቀድ ለቀስተኛው የጋሼ ከፋለን ደጅ ሞላው። አባ ወልደ ሩፋኤል ሲናገሩ ጋሼ ከፋለ እንደ አዲስ ጮኸው ወደቁ፤ ወንድማቸው አፈፍ አደረጋቸው። ማስመሰል አልነበረም። አውቀው ያደሩት ሰው እንደገና ሲሰሙት እንዲህ ይቆርጣቸዋል ብላ የሻረግ አላሰበችም።

ያን ጊዜ እትዬ አመተ ሥላሴ ወጡ። ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም። ነጠላቸውን ገና ከቤት ሲወጡ በሐዘን ደንብ ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ አወረዱ፦

«ሰምቼ ነበረ ትናንት መሞትህን፣
ዝም ብዬ አደርኩኝ ላስተኛ አባትህን።»

ለካ እሳቸውም ወሬውን ትናንትናውኑ ከዚያ ቆስሎ ከተመለሰው ልጅ እናት አፍ ሰምተው ኖሯል! የሻረግ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሼ ከፋለ ከወንድማቸው ክንድ ላይ ሆነው ጩኸታቸውን አቋረጡ። ቀና ብለው ሚስታቸውን አዩ፤ ሌሊቱን ሙሉ አጠገባቸው እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው የተኙትን።