በከፈን ዋጋ አይከራከሩም

የወባው ንዳድ ፎገራ ሜዳ የገባ ዓመት፣ «ዛሬ ስንት ሰው ሞተ?» ተብሎ የሚጠየቅ ወረታ ውስጥ አንድ ሰው ነበር፤ አባቴ። ሐኪም አልነበረም፣ ሹምም አልነበረም፤ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሱቃችን ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሜዳው ላይ ሰው ሲሞት፣ እስላምም ሆነ ክርስቲያን፣ የሚገነዝበት አቡጀዲ ከኛ ወይም ከጎረቤታችን ይገዛ ነበር። ጎረቤታችን ገና በመስከረም ራሱ ታሞ ተኝቶ ሱቁን ሲዘጋ፣ ሬሳ ያለበት ሁሉ ወደኛ መምጣት ጀመረ። አባቴ ማንም ሳይሾመው ቆጣሪ የሆነው እንዲህ ነው።

ገዢ ሱቅ ገብቶ «ሰው ሞቶብኝ ነው» አይልም። ካለ ባለሱቁ መነሣት፣ ማዘን፣ ማጽናናት አለበት፤ ቀባሪ ደግሞ ጊዜ የለውም፣ ሬሳ አስተኝቶ ነው የመጣው። አባቴ የሚያውቀው በሌላ ነው። ለቀሚስ ወይም ለእጀ ጠባብ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ይጎትታል፣ ወደ ፀሐይ ያነሣል፣ «ይኸማ ወንፊት ነው» ብሎ ያጣጥላል፣ ጥሎ ይወጣል፣ ሲጠሩት ይመለሳል። ለሬሳ የሚገዛ ግን ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። በከፈን ዋጋ አይከራከሩም። ለሙት መሰሰት ነውር ነው፤ በዚህ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ነው። አባቴም እንዲህ ያለውን ገዢ ፊቱን አይቶ ስለሚያውቀው የመጨረሻውን ዋጋ መጀመሪያ ይነግረዋል። ከዚያ ጨርቁን በክንዱ ይለካና በእጁ ይቀደዋል፤ ለከፈን መቀስ አያስነካም ነበር። በተለካው ክንድ ሟቹ አዋቂ ይሁን ሕፃን ያውቃል።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሰው በረንዳችን ላይ ይሰበሰባል። «ዛሬስ?» ይሉታል። አባቴ የጨው ዋጋ እንደሚናገር ሰው ድምፁን ሳይለውጥ ይናገራል፤ ከጉማራ ወንዝ በኩል ይህን ያህል፣ ከርብ ወንዝ በኩል ይህን ያህል፣ ከከተማው ይህን ያህል። አይጽፈውም፣ በራሱ ነው የሚይዘው።

ሰው በቁጥሩ የሚሠራውን ማየት በዚያ ሁሉ መካከል እንኳ ያስቀኝ ነበር። ከጎንደር የሚመጣ ሹፌር ቁጥሩን ጠይቆ ነው ወረታ ማደሩን ወይም አልፎ ሐሙሲት ከተማ መግባቱን የሚወስነው፤ ሐሙሲት ስንት እንደ ሞተ ግን ጠይቆ አያውቅም። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰሞን ታማሚውን በቃሬዛ ጭኖ ዋንዛዬ ፍል ውኃ የሚወርድ ይበዛል። አንድ በርበሬ ነጋዴ ደግሞ ስሌት አዋቂ ነኝ ባይ ነበር። ቁጥሩ ሦስት ቀን ተከታትሎ ሲቀንስ ጣቱን እያጠፈ፣ «በዚህ አያያዙ የዛሬ ሳምንት ማንም አይሞትም» አለ። የአጥቢያው ቄስ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። «እንደ ስሌትህማ በሁለተኛው ሳምንት የቀበርኋቸው መነሣት ሊጀምሩ ነው» አሉት። በነጋታው ቁጥሩ እጥፍ ሆነ፤ በርበሬ ነጋዴው እስከ ገበያ ቀን ድረስ ብቅ አላለም።

እኒሁ ቄስ አባቴን፣ «የእርስዎ ቁጥር ከኔ መቃብር ጋር አይገጥምም፤ ድኻው በሰሌን ተጠቅልሎ ነው የሚመጣልኝ» ብለውት ያውቃሉ።

«እኔ የጨርቁን ነው የምናገረው አባ፤ የሰሌኑን እርስዎ ይጨምሩበት» አላቸው። የጨመረ ግን የለም። ሰው አንድ ቁጥር ይበቃዋል።

አንድ የወረዳ ጸሐፊም ነበር፤ ማታ ማታ ከኛ የሰማውን ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ አውራጃው ቢሮ ይጽፋል። ጥቂት ሰንብቶ ሹፌሮች ያንኑ ቁጥር ይዘው ይመለሳሉ። «ደብረ ታቦር እንዲህ ተብሏል» ሲሉት አባቴ ራሱን በእርካታ ይነቀንቃል። «አላልኋችሁም?» ይላል። የራሱ ቁጥር አገር ዞሮ ምስክር ሆኖት ሲመጣ እንዳላወቀው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምሰማው የርብን በኩል ብቻ ነበር። ሚስቴ እዚያ ናት። የመጀመሪያ ልጅ ከእናት ቤት ይወለዳልና በሰኔ፣ ሜዳው ላይ ውኃ ሳይተኛ፣ በበቅሎ ወስጄ ለእናቷ አስረክቤያታለሁ። በመስከረም ማለቂያ ሴት ልጅ ወለደች። መንደሩ ከርብ ወዲህ ነው፤ ብዙው ክርስቲያን ገበሬ ሲሆን ጥቂት የእስላም ቤቶች ከብትና በርበሬ እየነገዱ ይኖሩበታል። ወረታ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር አለ፣ ኪኒንም አይጠፋም። እዚያ ሁለቱም የለም። ስለዚህ ላመጣት ፈለግሁ።

አባቴ «አራስ አርባዋን ሳትጨርስ ከቤት አትወጣም» አለ። «ደግሞ እዚህ የማይሞት መስሎህ ነው? ኸከተማው የቀደድሁትን አላየህም?»

እውነቱን ነበር። ከብዙ ንግግር በኋላ በቁጥሩ ተስማማን፤ ከርብ በኩል የሚሞተው ከከተማው ከበለጠ አርባዋን ሳንጠብቅ እናመጣታለን። ጥቅምት ሲጋመስ የርብ በኩል በለጠ፣ በማግስቱም በለጠ። በቅሎ ተዋስሁ፤ ለአራሷ ፀሐይ እንዳይነካት ጥላ አዘጋጀሁ። በነጋታው ልነሣ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሚስቴ መንደር ጭቃ ሹም ሱቃችን መጡ፤ ሽማግሌ ክርስቲያን ገበሬ ናቸው። ከሰላምታ በኋላ ወደ መደርደሪያው በዱላቸው እያሳዩ «ጣቃውን ስንት ይላሉ?» አሉ። ጣቃ ማለት ሙሉው፣ ያልተቀደደው ጥቅል ነው። አባቴ ዋጋውን ነገራቸው።

«ኧረ ወዲያ! ይኸ ጨርቅ ነው? ይኸ እኮ ወንፊት ነው፤ ጤፍ ያሳልፋል።»

«ጤፍ ሊነፉበት ነው የመጡት?»

ጎተቱት፣ ወደ ፀሐይ አነሡት፣ አሸተቱት። ጥለው ወጡ። አባቴ ጠራቸው። ተመለሱ። እንደገና ወጥተው በቅሏቸውን መፍታት ጀመሩ። አባቴ እንደገና ጠራቸው፤ እየሳቀ ነው የሚጠራቸው። ከወር በላይ የተከራከረው ሰው አልነበረምና ፊቱ ወዛ። በመካከሉ «አገሩ ደህና ነው?» አላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እነዚያስ የኛ ሰዎች?»

«ትናንት በደጃቸው ሳልፍ ደህና ናቸው። አራሷም ደህና ናት ብለውኛል።»

አባቴ በመጨረሻ ብዙ ቀነሰላቸው፤ «ለደስታ ይሁን» ብሎ ጣቃውን አሸከማቸው። ሰውየው ቀና ብለው አዩትና ጣቃውን በቅሏቸው ላይ አስረው ሄዱ።

ማታ በረንዳ ላይ አባቴ ወሬውን ሲያወራ የክርክሩን እያንዳንዷን ቃል ደገማት። «ሰው በከፈን ዋጋ አይከራከርም» አለ። «እኒህ ተከራከሩኝ፤ ያውም እንዴት አድርገው! ደግሞ ለሬሳ ጣቃ የገዛ ማን አለ? ለጥር ሠርግ ሊደግሱ ነው። ሠርግ የሚያስብ አገር ድኗል።» ነገሩ ለሁላችንም ልክ መስሎ ታየን። በነጋታው ከርብ በኩል ለከፈን የመጣ አልነበረም። በማግስቱም አልነበረም። የከተማው ግን አልቆመም፤ ስለዚህ በስምምነታችን መሠረት እሷን ማምጣት ከደኅና ቦታ ወደ ክፉ ቦታ ማምጣት ሆነ። በቅሎውን ለባለቤቱ መለስሁ። ደስ አለኝ፤ ሌላ የምለው የለም። ከሰነበትሁበት ጭንቀት ወጥቼ ጠግቤ በላሁ፣ ተኛሁም። ጸሐፊውም ከርብ በኩል በሽታው መጥፋቱን ጻፈ፤ ሰንብቶም ሹፌሮቹ «ርብ በኩል ጠፍቷል አሉ» እያሉ ከደብረ ታቦር መጡ።

ኅዳር ከገባ በኋላ ጭቃ ሹሙ ተመልሰው መጡ። ከበቅሏቸው በግድ ነው የወረዱት፤ ከስተዋል፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። አባቴ ገና ሲያያቸው ለክርክር ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ጣቃ ይስጡኝ» አሉ፤ «ባለፈው ዋጋ።»

«ያኛው አልበቃም? ስንት ሰው ሊጠሩ ነው ለሠርጉ?»

«የምን ሠርግ?» አሉ ሰውየው። «ያኛው እኮ አለቀ።»

አባቴ «ለከፈን ኖሯል የወሰዱት?» አላቸው።

«ታዲያ ለምን መስሎዎት ነው? በየሬሳው ኸዚህ ድረስ ሰው መላክ አቃተን፤ ላኪውም ተላኪውም ተኛ። የርብ በኩል አገር ሁሉ አዋጣና አንድ ጊዜ ገዛን።»

«ታዲያ ለምን ተከራከሩኝ?» አለ አባቴ። ድምፁ የለመድሁት ሰው ድምፅ አልነበረም፤ እንደ ልመና ሆኖብኝ ነበር።

«የሰው አደራ ይዤ እንዴት አልከራከር? ደግሞ ያን ጊዜ ገና አልሞቱም ነበር እኮ» አሉ። ምንም አልዋሹም። ለሙት አይሰሰትም፤ እነዚያ ግን በሕይወት ያሉ ሰዎች ነበሩ።

እኔ ከመደርደሪያው ኋላ ነበርሁ። ወጥቼ «እኛ ቤትስ?» አልኋቸው። አንድ ጊዜ አባቴን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ከዚያ «መርዶ አልደረሳችሁም እንዴ?» አሉ።

የሚስቴ አባትም እናትም ተኝተው ስለ ነበር የሚልኩት ሰው አጥተዋል። የሚስቴን ሬሳ አጥበው የገነዙት ከጎረቤት እስላም ቤት የመጡ ሁለት ሴቶች ናቸው። ሕፃኗን ሌላ አራስ እያጠባቻት ነው። ይህን ሁሉ ጭቃ ሹሙ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ እኔም አንድ በአንድ ጠየቅሁ። መቼ እንደ ሞተች ስጠይቃቸው «ያለፈው ሐሙስ» አሉኝ። አባቴ ሁለተኛውን ጣቃ አውርዶ ራሱ በቅሎው ላይ ጫነላቸው። ዋጋ ያነሣ አልነበረም።

በነጋታው ሄጄ ልጄን አመጣሁ። ዓይኗ የእናቷ ነው። አባቴ ሱቁን አልዘጋም፤ ሬሳ ያለበት ይመጣ ነበርና ቢዘጋ ኃጢአት ይሆንበት ነበር። ማታ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው መጥተው ካስተዛዘኑን በኋላ አንዱ ረስቶ «ዛሬስ?» አለ። አባቴ «አላውቅም» አለ። ከዚያ ወዲያ ቁጥር ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ጸሐፊው ግን ደብዳቤውን አላቋረጠም፤ ከማን እየሰማ እንደሚጽፍ እንጃ።

ሚስቴ የተከፈነችው አባቴ ለሠርግ ነው ብሎ በቀነሰው አቡጀዲ ነው። በዚያ አልቆጭም፤ ያለ እሱ በሰሌን ትቀበር ነበር። የሚከነክነኝ የሞተችበት ሐሙስ ነው። ያን ማታ በረንዳው ላይ ሰው ሞልቶ ነበር፣ እኔም ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። አባቴ የጉማራን ተናገረ፣ የከተማውን ተናገረ፣ ቀጥሎም «ከርብ በኩል ዛሬም ማንም የለም» አለ። ከሁሉ በፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አልሐምዱሊላህ» አልሁ።